ኤሊዋ የምትሸትበት ቀን

ኢንሰን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰሜን ታይላንዷን ከተማ የላምፓንግን የውሃ ቧንቧ በጆሮው ሲያደምጥ የኖረ ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ሞተር ሳይክል መንገዱን ሳያጣብበው፣ ቁመቱን የምታህል ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ ይወጣ ነበር። አንዱን ጫፍ መሬት ላይ ያሳርፋል፤ ሌላውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ጋር ያገጥምና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ደህና ቧንቧ ዝም ይላል። የሚያፈስ ቧንቧ ያንሾካሹካል። ሹክሹክታው ወደሚበረታበት አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ ይሄድና በመጨረሻ መሬቱ ላይ በኖራ ክብ ሠርቶ «እዚህ ቆፍሩ» ይላል። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። በኋላ ግን ዶማቸውን ተሸክመው ኖራውን ብቻ መፈለግ ጀመሩ። ከተማውም «ጆሮው» የሚል ስም አወጣለት።

ከዚህ ሥራ ሁለት ነገር ተምሯል፤ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራቸዋል። አንደኛው፣ ውሃው የታየበት ቦታና ውሃው የወጣበት ቦታ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው፣ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰው ላለማየት የራሱ ምክንያት ባለው ቦታ ነው። ይህ ሁለተኛው ትምህርት ለሌላ ሰው ብቻ የተሰጠ ይመስለው ነበር፤ በገዛ ቤቱ እስኪደርስበት ድረስ።

ቤቱ እንደ ሠፈሩ ቤት ሁሉ በወፋፍራም የጣውላ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። ሰው ከላይ ይኖራል፤ ከሥር ደግሞ ኤሊዋ ታድራለች። ኤሊዋ ቮልስ ናት፤ እዚያ አገር ቮልስን ኤሊ እንጂ በሌላ ስም የሚጠራት የለም። እሷና ኢንሰን እኩያ ናቸው፤ እሱ በተወለደበት ዓመት የተሠራች፣ ቀለሟ የተፈላ ወተት የሚመስል፣ የቤንዚን መለኪያ እንኳ የሌላት አሮጊት ናት። ከአንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ከገዛት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ከእሷ አፍንጫ በላይ ባለው ክፍል የሰማንያ ስድስት ዓመት እናቱ፣ እማማ ሴንግላ ይተኛሉ። ወለሉ ሳንቃ ነው፤ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጣት ያስገባል።

የሙቀቱ ወር በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሚስቱ ብዋጂን ደረጃው ላይ ቆማ ጠራችው።

«ኢንሰን፣ እማማ ዛሬም ራሴን አመመኝ አሉ። ይሄ ቤት ነው ወይስ ነዳጅ ማደያ?»

«እየፈለግሁት ነው።»

«ሦስት ሳምንት ፈለግህ። የከተማውን ቧንቧ ሁሉ ያወቀ ሰው የገዛ መኪናው አፍንጫውን ትመታዋለች።»

«ቤንዚንና ውሃ አንድ አይደለም፤ ውሃ ድምፅ አለው።»

ብዋጂን አልሳቀችም። ሃያ ስድስት ዓመት የሸክላ ሳህን በሚጠበስበት ፋብሪካ፣ ምድጃ ላይ ያረጀች ሴት ናት፤ እሳት ምን እንደሚያደርግ ክንዷ ላይ ተጽፏል። «ነገ ቅዱስ ቀን ነው» አለች። «እዚህ አፍንጫዋ ሥር ለመኪናዋ ቆሌ፣ ለእመቤቲቱ፣ ዕጣን የማቆመው እኔ ነኝ። ነገ አላቆምም። እስከሚቀጥለው ቅዱስ ቀን ግን ስምንት ቀን አለህ። ሽታው ከጠፋ ጠፋ። ካልጠፋ ያ የቺያንግ ማይ ሰውዬ መጥቶ ይውሰዳት፤ ሽጥልኝ እያለ ሲለምንህ ዓመቱ ነው። እናትህን ምድጃ አፍ ላይ አላስተኛም።»

ኢንሰን ትክክል መሆኗን ያውቃል። ነገር ግን ኤሊዋ ከዚህ ቤት ሥር ስትወጣ ሊያየው አይችልም ነበር።

ፍለጋውን እንዴት እንዳካሄደ መናገር ደስ ይላል፤ እንደ እሱ ያለ ፈላጊ በየቀኑ አይገኝምና። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ጥግ ይይዛል፤ የቀትር ነፋስ ሲመጣ ብቻ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ቆሞ የሚያሸት ሰው ይሳሳታል። ኢንሰን በጉልበቱና በክርኑ ሄደ። ሞተሩ ኋላ ነው፤ ኋላውን አሸተተ፣ የለም። ሰርባቶዮው፣ የቤንዚን ታንኩ፣ ፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው፤ እዚያ ሽታው አለ። በመኪናዋ ሆድ ሥር ከአፍንጫ እስከ ጭራ ንጹህ ካርቶን አነጠፈ፤ ሲነጋ ካርቶኑ እንደተነጠፈው ነው፣ አንዲት ጠብታ አልወደቀችበትም። የሕፃን ዱቄት፣ ያንን ሰዉ ሁሉ በሙቀት ፊቱን የሚቀባውን ነጭ ዱቄት፣ በየመጋጠሚያው በብሩሽ ነሰነሰ፤ ቤንዚን የነካው ዱቄት ይጠቁራልና። ከሰርባቶዮው ሥር ያለችው ሩቢኔት ነጭ። ወደ ኋላ የሚሄደው ቧንቧ ነጭ። የጎማ ቱቦዎቹ ነጭ። ዱቄቱ ሁሉ እንደ ሙሽራ ፊት ነጭ ሆኖ ሽታው ግን አለ።

ይህ ነው ጥርጣሬውን የቀሰቀሰው።

በሥራው ዘመን የቆጣሪ ንባብ ይጽፍበት በነበረው ደብተር፣ ለሽታው ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ እየሰጠ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መዝግቧል። የሦስቱን ሳምንት ገጽ ጎን ለጎን ዘርግቶ አነበበ። በየቅዱስ ቀኑ ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ፣ አምስት። በማግስቱ አራት። በሦስተኛው ቀን ሁለት። ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ እስከ ቀጣዩ ዋዜማ። የቡድሃ እምነት ቅዱስ ቀን ጨረቃን ተከትሎ ይመጣል፤ አንዳንዴ በሰባት ቀን፣ አንዳንዴ በስምንት። ሽታውም አብሮ በሰባት፣ አብሮ በስምንት ይመጣ ነበር።

«ቀዳዳ ቀን አይቆጥርም» አለ ኢንሰን ለራሱ። «ቀን የሚቆጥር ሰው ነው።»

ሌላም ማስረጃ ነበረው። እናቱ በእመቤቲቱ ቀን የቤቱ የሩዝ ድስትም የእመቤቲቱ ሆድም ጎዶሎ ሆኖ ማደር የለበትም ይላሉ። የመኪና ቆሌ እመቤት ናትና፣ ኢንሰን በየዋዜማው ጠዋት ማደያ ሄዶ ሰርባቶዮውን አፍ እስከ ገደፉ ያስሞላል። ለኤሊዋ መለኪያ ስለሌላት መስመር የተቆረጠባት የቀርከሃ ዘንግ ሠርቶላታል። ጠዋት አፍ ድረስ የሞላው ቤንዚን፣ ኤሊዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ ማታ ሁለት መስመር ጎድሎ ይገኛል። የመጀመሪያውም ዋዜማ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም።

በየዋዜማው ቀትር ላይ ደግሞ ከቤቱ ሥር የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ካምፑን፣ የታናሽ እህቱ ባል። ካምፑን ለበዓሉ የመቅደሱን ግቢ ሳር ያጭዳል። ማጨጃው ቤንዚን ጠጪ ሞተር ነው። አጭዶ ሲጨርስ ከነማጨጃው መጥቶ ኤሊዋ አጠገብ ያለው ገመድ አልጋ ላይ ጋደም ይላል። ከላዩ ላይ ቤንዚን ይሸታል። ኢንሰን ይህን ሁሉ ዓመት ሲያይ ኖሮ አንድም ቀን ነገሩን አላስተዋለም ነበር፤ አሁን ግን የሰውየው ማንኮራፋት ሳይቀር የሌባ ማንኮራፋት መሰለው።

ለሚስቱ አልነገራትም። በቤተ ዘመድ ላይ ያለ ማስረጃ አፍ አይከፈትም።

በስምንተኛው ቀን፣ በዋዜማው፣ ኢንሰን ማልዶ ማደያ ሄዶ አስሞላ። ኤሊዋን ቦታዋ መልሶ ኮፈኑን ከዘጋ በኋላ ከብዋጂን ማበጠሪያ አንዲት ሽበት መዘዘ፤ በሁለት ፍሬ ተጣባቂ ሩዝ፣ አንዱን ጫፍ ኮፈኑ ላይ ሌላውን አካሏ ላይ ለጠፋት። ኮፈኑ ቢከፈት ፀጉሯ ትበጠሳለች። ከዚያ ፎቅ ወጥቶ በእናቱ ክፍል ወለል ላይ ተኛና ዓይኑን ሳንቃው ክፍተት ላይ አደረገ።

«ምን ታደርጋለህ?» አሉ እማማ ሴንግላ ከአልጋቸው።

«ወገቤን ላሳርፍ ነው፣ እማዬ።»

«ወገብህ ፊትህ ላይ ነው እንዴ?»

ካምፑን ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ማጨጃውን ምሰሶ ላይ አስደገፈ። ከኪሱ የአሳማ ቆዳ ጥብስ አውጥቶ ቆረጣጠመ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ወደ ኤሊዋ ተጠጋ። ካምፑን አፍንጫዋን እንደ በግ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋት፣ መዳፎቹን አጋጥሞ እጅ ነሳት፣ ከዚያ ገመድ አልጋው ላይ ወጥቶ ተኛ። ለሁለት ሰዓት ማንኮራፋቱ ብቻ ተሰማ። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ደረሰ፤ ሽታውም በሳንቃው ክፍተት ቀስ እያለ ወጥቶ የኢንሰንን ፊት ዳሰሰው። አምስት።

በርግጎ ወረደ። ፀጉሯ እንዳለች ናት። ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘንጓን ከተተ፤ ሁለት መስመር ጎድሏል። ያን ጊዜ በአእምሮው የመጣው ነገር «ካምፑን ንጹህ ነው» የሚል አልነበረም። «ፀጉሯን አይቷት በሩዝ መልሶ ለጥፏት ይሆናል» ብሎ ነበር ያሰበው። እዚህ ላይ ጥርጣሬ ምን ያህል ጎበዝ ሠራተኛ እንደሆነ ልብ ይሏል፤ ጡብ ቢያጣ በአየር ይገነባል።

«ካምፑን» አለ።

«ኧ።»

«ተነስ።»

ካምፑን አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት የሚቀሰቀሰው የሞተበት ሰው ነው። ማን ሞተ?»

«እጅህን አምጣ።»

ካምፑን ሳይገባው እጁን ዘረጋ። ኢንሰን አሸተተው። «ቤንዚን።»

«ታዲያ ማጨጃዬ ሻይ ነው የሚጠጣው?» ካምፑን ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ነገሩ አሁን ገባው፣ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። «ቆይ፣ ቆይ። ከኤሊዋ እቀዳለሁ ብለህ ነው?»

«አላልኩም።»

«አፍንጫህ ብሎልሃል፣ ጋሼ።»

ኢንሰን ደብተሩን ከፈተ፤ ዘንጓን ከፍ አደረገ። ድምፁ እንደ ቢሮ ሰው ደረቀ። «መጀመሪያው ዋዜማ፣ ሁለት መስመር። ሁለተኛው፣ ሁለት መስመር። ሦስተኛው፣ ሁለት መስመር። ዛሬ፣ ሁለት መስመር። መኪናዋ ቆማ። አንተ አጠገቧ ተኝተህ።»

ካምፑን ዘንጓን ከእጁ ነጠቀው፤ መስመሮቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው፣ ደብተሩን አየ። ተቆጥቶ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከወትሮው ይልቅ አጥርቶ ያያል። «እሺ፣ እኔ ሌባ ነኝ እንበል» አለ። «አራት ጊዜ ሰርቄ አራቱንም ጊዜ ፀጉር ሳላዛንፍ እዚሁ መስመር ላይ አቆማለሁ? እኔ? ሳር እንኳ እኩል ማጨድ አልቻልክም እያለ መነኩሴው የሚሰድበኝ ሰው? ይሄማ ጋሼ፣ የኔ የዝናብ ውሃ ጋን ነው። ትከሻው ላይ ተሰንጥቋል፤ እስከ አፉ ብትሞላው እስከ ስንጥቁ ይወርድና ቁጭ ይላል።»

ኢንሰን ደብተሩን ዘጋ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለአዲስ ሠራተኞች ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነበር። ዕቃ እስከ ቀዳዳው ይወርዳል፤ ከቀዳዳው በታች አይወርድም። ሌባ ግን ልክ የለውም። ታዲያ ይህን እንዴት ሳተው? ሰው ስለጠረጠረ፤ ሰውን ያየ ዓይን ጋን አያይም።

ዘንጓን ከካምፑን ተቀብሎ፣ ጫፏን ሰርባቶዮው አፍ ጋ አቁሞ፣ ከውጭ በኩል በአንገቱ ላይ ለካ። ሁለት መስመር። የቀርከሃዋ ምልክት ያረፈበት ቦታ ላይ አንድ ነገር ነበር፤ እሱ በደንብ የሚያውቀው፣ በየቀኑ የሚያየው፣ ዱቄት ያልነሰነሰበት ብቸኛ ቦታ። የእመቤቲቱ መቀነት።

ጀልባ ቢሆን ከአፍንጫው ላይ ይታሰራል፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨርቅ። መኪና ላይ ብዙ ሰው መሪው ላይ ወይም መስታወቱ ላይ ያስረዋል። ኢንሰን ግን የእመቤቲቱ ቦታ ፊት ነው ብሎ፣ የኤሊዋ ፊት ደግሞ ሞተር ሳይሆን ሰርባቶዮ ነውና፣ እዚያው የሰርባቶዮው አንገት ላይ አሰረላት። በየአዲስ ዓመቱ አዲስ መቀነት በአሮጌው ላይ ይጨምራል፤ አሮጌው አይፈታም፣ ነውር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ቋጠሮ።

«ከሱ ሥር አየህ?» አለ ካምፑን።

«እሱ አይነካም።»

«ማን አሰረው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ሌባው ጋ ደርሰናል።»

ሁለቱ ወንዶች መቀነቱን እያዩ ቆሙ። አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም። በመጨረሻ ካምፑን ወደ ላይ ጮኸ፤ «እማማ፣ ይውረዱልን። ጋሼ ከእመቤቲቱ ጋር ተጣልቷል።»

እማማ ሴንግላ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። ነገሩን ሰሙ። ኤሊዋ ፊት ቆመው መዳፎቻቸውን አጋጠሙ። «እናቴ» አሏት ለእመቤቲቱ፣ «እነዚህ ልጆች ናቸው። አንዱ አዳምጦ አይሰማም፤ ሌላው ተኝቶ ያውቃል። መቀነትሽን ልፈታ ነው፤ አዲስ እንሰጥሻለን፣ አትቆጪ።» ከዚያ በቀጫጭን ጣቶቻቸው ቋጠሮዎቹን ይፈቱ ጀመር።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ ድንገት።

ኢንሰን ዳሰሰው። በዚያ ሙቀት፣ ጣሪያው እንኳ በሚያቃጥልበት ሰዓት፣ ጨርቁ ከጉድጓድ እንደወጣ ውሃ ቀዝቃዛ ነበር። ኢንሰን እንደ ልጅ ሳቀ። የሚተንን ነገር ይበርዳል፤ ላብ ሰውን የሚያበርደው፣ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት እንስራ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ጨርቁ ሲተንን ነበር። የመጨረሻው ጨርቅ ሲወርድ ሁሉም ነገር ታየ፦ ከአንገቱ ጎን የምትወጣ ትንሽ የመተንፈሻ ቱቦ፣ አሮጌ ጎማ፣ አብራ ታስራ፣ በየዓመቱ ቋጠሮ እየተጠበቀባት እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተሰንጥቃለች።

«ተመልከቱ» አለ ኢንሰን፤ ነገሩ ውብ ሆኖ ስለታየው ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ረስቶ ነበር። «ጠዋት ቤንዚኑ ከመሬት ሥር ጉድጓድ ቀዝቅዞ ይወጣል። አፍ እስከ ገደፉ እሞላለሁ። ቀትር ላይ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ በስንጥቁ ይወጣል። መሬት ላይ እንዳይንጠባጠብ ግን ጨርቁ ይጠጣዋል። ጨርቁ የኩራዝ ክር ሆኗል። ኤሊዋ ኩራዝ ናት፣ ክሩም መቀነቱ። በሦስተኛው ቀን ይደርቃል፤ ስለዚህ ሽታው ይጠፋል። በዋዜማው ደግሜ እሞላለሁ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእመቤቲቱን አንገት አንቀህ» አለ ካምፑን «ሌባ የምትለው እኔን ነው።»

ብዋጂን ከገበያ ስትገባ ሦስቱም ኤሊዋን ከበው አገኘቻቸው። በዘንቢሏ ውስጥ ለነገ የገዛችው የዕጣን እንጨት እሽግ አፉ ይታያል። እማማ ሴንግላ መቀነቱን አቀበሏት። አሸተተችው፤ ከዚያ ኤሊዋ አፍንጫ ሥር ያለውን፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አመድ የነጣውን የዕጣን ማቆሚያ አየችው። ከማቆሚያው ጨርቁ ታስሮ እስከነበረበት ያለውን ርቀት በዓይኗ ለካች፤ አንድ ክንድ አይሞላም። የዕጣኑን እሽግ ከዘንቢሉ አወጣችና ደረጃው ላይ፣ ሩቅ፣ አስቀመጠችው።

«ነገ ቅዱስ ቀን ነው» አለች ብቻ።

ኢንሰን በዚያው ከሰዓት የእርሻ ሞተር ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አዲስ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ገዛ፤ በካቻቢቴ ሁለት የብረት ማሰሪያ ፋሸታ አጠበቀበት፣ ዱቄት ነሰነሰበት። ከሰርባቶዮው ሁለት ጣት ቤንዚን ቀድቶ የካምፑን ማጨጃ ውስጥ ጨመረ። እናቱ «ሆዷ ጎደለ» ብለው ሲያጉረመርሙ «አጥብቀው ካበሏት ታስታውካለች፣ እማዬ» አላቸው፤ ይህ ገባቸው። መቀነቶቹን ፀሐይ ላይ አድርቀው እሳቸው ራሳቸው ወስደው ከመቅደሱ ዛፍ ሥር፣ ያረጀ ቅዱስ ዕቃ በሚቀመጥበት፣ አስቀመጧቸው። አዲሱ መቀነት መሪው ላይ ታሰረ።

ካምፑን ሊሄድ ማጨጃውን ትከሻው ላይ ሲያደርግ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» በሁለት ጣቱ አንዲት ሽበት አነሳ፤ ጫፏ ላይ የደረቀ ሩዝ ተንጠልጥሏል።

ኢንሰን ጆሮው ቀላ።

«እትዬ ብዋጂን» አለ ካምፑን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ባልሽ ፀጉርሽን እየነጨ በሩዝ ሊበላው ነበር።»

በማግስቱ ብዋጂን ከሁሉ ቀድማ ወረደች። ኮፈኑን አስከፈተች። እንደ ምድጃ ሰው፣ ሳትቸኩል፣ ፊቷን ዝቅ አድርጋ አሸተተች፤ ዱቄቱን አየች፣ ነጭ ነው። ቀትር ላይ ተመልሳ ወረደችና ደግማ አሸተተች። ዱቄቱ ነጭ ነው። የዕጣን ማቆሚያውን አንስታ እስከ ማንጎው ዛፍ ተሸክማ ሄደች፤ ኢንሰን አሥራ አራት እርምጃ ቆጠረ።

«ለቺያንግ ማዩ ሰውዬ ደውልለት» አለችው ዕጣኑን እያቆመች።

ኢንሰን ወደ ኤሊዋ ዞሮ አየ። «ምን ልበለው?»

«ኤሊ ዕድሜዋ ረጅም ነው በለው።»

በቀጣዩ ዋዜማ ቀትር ካምፑን ማጨጃውን ምሰሶው ላይ አስደገፈና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሁለት እጁን ኢንሰን አፍንጫ ሥር ዘረጋ። ቀልዱ ነበር። ኢንሰን ግን ጎንበስ ብሎ ከምሩ አሸተታቸው።

«ቤንዚን» አለ።

«የማጨጃዬ።»

«አውቃለሁ» አለ ኢንሰን፤ ደብተሩንም አውጥቶ ጻፈው።